ፈረስ አጎቴ ነው

ኮምፒውተሬ ማሳል ጀመረ። ስከፍተው ሁለት ሦስቴ "ቅጭ፣ ቅጭ" ይላል፣ ትንሽ ያስባል፣ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ይነሳል። የአምስት ሴክሽን የተማሪ ውጤት ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጁ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው። እኔን ሐኪም እንኳ እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም። "ሃርድ ዲስኩ ነው ጋሼ፣ ሊሄድ ነው" አለኝ፤ ውጤቱ ሁሉ የተቀመጠበትን ዕቃ ማለቱ ነው። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ እኔም ልሄድ ነበር።

"ዩዝድ አለ" አለ ቶሎ ብሎ። "ሪፈርቢሽድ ነው።"

"ስንት ሰዓት ሠርቷል?"

"የአሜሪካ ነው ጋሼ!"

አሁን ይኼ መልስ ነው? ሰዓት ጠየቅሁ እንጂ አገር መቼ ጠየቅሁ? "ከምን ላይ ነው የወጣው?" አልኩት። "ብራንድ ነው" አለኝ። "ማን ሲጠቀምበት ነበር?" ስለው ጭራሽ ተቀየመ። "ኦርጅናል ነው አልኩዎት እኮ!"

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! በተለይ የምወደው በቅሎዋ ስላልዋሸች ነው። እናቷ ፈረስ ናት፤ የእናቷ ወንድም አጎቷ ነው። ልክ ናት። አህያውን ብቻ ነው የዘለለችው። የጥገና ቤቱም ልጅ አልዋሸኝም። ዲስኩ ምናልባት የእውነት የአሜሪካ ነው። አጎቱን ነገረኝ፣ አበቃ።

በቅሎ ካልኩ አይቀር፣ አባቴ በቅሎ ሲገዛ ማየት ነበረባችሁ። ነጋዴው "ወጣት ናት፣ እንደ ንፋስ ናት" እያለ ሲለፈልፍ አባቴ አይሰማውም። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ እዚያ ነው ያለው። ኮቴዋን ያነሳል። ከዚያ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል። ነጭ ጸጉር ካገኘ ያ ቦታ ቆስሎ የሻረ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ ደግሞ "እስቲ አምጣት" ብሎ ዳገት ላይ ይወጣባታል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሳይገዛ የሚመለስበት ቀን ይበዛል፤ እናቴም "ገበያ ነው ወይስ ጥርስ ቆጠራ የዋልከው?" ትለዋለች።

የአባቴ ልጅ ግን ዲስኩን ፌስታል ውስጥ እንዳለ ገልበጥ አድርጌ አየሁና "ንጹሕ ነው" አልኩ። ንጹሕ! ዲስክ እኮ ሰሃን አይደለም። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የሙሽራዋ ቅድመ አያት ከማን ጋር በድንበር እንደተጣላ ሳይቀር እናውቃለን። የአምስት ሴክሽን ውጤት ለምናስረክበው ዕቃ አባቱን እንኳ አንጠይቅም። ብንጠይቅም አጎቱን ይነግሩናል።

የሻጮች አማርኛ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዋሸራና የዲማ ጊዮርጊስ አገር ሰዎች ስለሆንን መሰለኝ፣ ነጋዴያችንም ያለ ሰምና ወርቅ አያወራም። ልጁን ደጋግሜ ሳስጨንቀው በመጨረሻ ምን አለኝ? "ጋሼ፣ ይኼ ዲስክ እኮ ብዙም አልሠራም።" ልብ በሉ፣ ኅብረ ቃሉ "አልሠራም" ላይ ነው። ሰሙ፦ ብዙ ሰዓት አላገለገለም። ወርቁ፦ እንቢ ብሏቸው ነው ያወጡት። የኔታ ቢሰሙት "ይበል!" ይሉት ነበር። እኔ ግን ቅኔ ልቆጥር አልሄድኩም። ዲስክ ልገዛ ነው የሄድኩት።

ይህ ነገር እኔን ለምን እንደሚያበሳጨኝ ልንገራችሁ። የዛሬ 11 ዓመት ለፋሲካ ለአማቴ ቅቤ ገዛሁ። መንገድ ዳር ነው፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ወዙ የሚያብለጨልጭ። "ከየት ነው?" አልኩ። "የአገር ቤት ነው" አለኝ ሰውዬው፣ በማርያም ምሎ። እኔም አመንኩ። አማቴ ሲያነጥሩት ከላይ ከላይ ቅቤ ነው፤ ከሥር የተቀቀለ ድንች ነው። የአገር ቤት መሆኑ እውነት ነበር፤ ድንቹም የአገር ቤት ነው። አማቴ ያን ዕለት ምንም አላሉኝም። ምነው ተቆጥተው ቢሆን! ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ባለቤቴን "እሱን ሽንኩርት ላኪው፣ ሽንኩርት ይችላል" ይሏታል። 11 ዓመት ሽንኩርት ገዛሁ። ሰውዬው የበላው የቅቤዬን ዋጋ ብቻ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። የበላው ግን ወንድነቴን ነው። ዛሬም ባገኘው... ተዉት እሱን።

ወደ ዲስኩ። ሪፈርቢሽድ ማለት በደንቡ የተመለሰ ዕቃ ተፈትሾ፣ የተበላሸው ተቀይሮ፣ ከዋስትና ጋር ሲሸጥ ነው። እንዲህ ከሆነ እኔም ጸብ የለኝም። እኛ ጋ ግን በጨርቅ የተወለወለ ሁሉ ሪፈርቢሽድ ነው። ዋስትናው ስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቀው "እኔ እዚሁ አይደል ያለሁት?" አለኝ። የባሰ አጎት!

ያኔ የአባቴ ደም ተነሳብኝ። "ሰካውና ጥርሱን አሳየኝ" አልኩት። የዲስክም ጥርስ አለው እኮ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ቦታ ተበላሽቶበት እንደተካ ይናገራል። እያጉረመረመ ሰካው። 31 ሺህ 240 ሰዓት! አንድ ዓመት 8 ሺህ 760 ሰዓት ነው። እንግዲህ ይኼ ምስኪን ሦስት ዓመት ተኩል ቀንና ሌሊት ሳይተኛ ሠርቷል ማለት ነው።

"ብዙም አልሠራም አላልክም?"

"ጋሼ፣ ይኼን ያህል ሠርቶ ካልሞተ ከእንግዲህ በምን ይሞታል?"

መልስ አጣሁ። ደግሞ ጥርሱም የሚታመነው ካልተሞረደ ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው የተሸጡ ዲስኮች በሺህ የሚቆጠር ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ቆጣሪያቸውን ወደ ዜሮ መልሰውት ነበር። ያጋለጣቸው ዲስኩ ውስጥ ያለ ሌላ መዝገብ ነው፤ እሱን አልነኩትም። ጀርመን እንዲህ ከሆነ ማርቆስ ምን ይባል?

የተተኩትን ቦታዎች ልናይ ወደ ታች ሲወርድ መብራት ሄደ። ልጁ የተገላገለ መሰለኝ።

ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ግን ጥሩ ጨዋታ ተጫወትን። ያገለገለ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ብቻ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ መግዛት እንደማያስፈራ እሱም እኔም ተስማማን። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ችግር ካለበትም በሙከራ ቶሎ ይያዛል። ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ዓይነት ግን በአዲሱ በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፤ መሐሏ ላይ ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ይለያያል። ኤስኤስዲ፣ ያ የማይሽከረከረው ዲስክ፣ እንደ ላጲስ ነው፤ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል። ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያገለገለ ከሆነ በነጻም አልወስድ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ በሙቀት ይደርቃል፤ ሲሞትም ብቻውን አይሞትም። ልጁ አዋቂ ነው። ዕቃውን ሳይሸጥ ሲያወራ አንድም አጎት አይጠራም።

መብራት ሳይመጣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ባለቤቴ "ገዛህ?" አለችኝ። "እያየሁ ነው" አልኳት። "ሽንኩርቱንስ?"

ይህን የምጽፈው በዚያው በሚያስለው ኮምፒውተር ነው። አሁን ልጁ ደወለ።

"ጋሼ፣ ዲስኩን ሌላ ሰው ፈልጎታል። ልስጠው?"

"ማን ነው የፈለገው?"

"የአጎቴ ልጅ ነው።"

ኮምፒውተሩ ቅጭ፣ ቅጭ አለ። "ያዝልኝ" አልኩት። ዲስኩን ይሁን ራሟን አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።