«ትንሽ ቁልፍ ናት»

ዓርብ ከሰዓት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሥራው የቴሌግራም ግሩፕ «ልጆች፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ናት፤ ለሰኞ ትድረስልን» ብሎ የሚጽፍ ፕሮዳክት ማናጀር፣ ማለትም መተግበሪያው ላይ ምን ይሠራ፣ የቱ ይቅደም የሚለውን የሚወስን ሰው፣ ሰሞኑን በዝቷል። ቡድኑ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራበትን ዕቅድ ያጸደቀው እሱ ነው። የሚያፈርሰውም እሱ ነው።

እስቲ ቁልፏን እንያት። ደብረ ብርሃን ላይ የቢራ ገብስ ከገበሬ የሚረከብ መተግበሪያ አለ እንበል፤ ቁልፏም «ሰርዝ» ትባል። የሚሰርዘው ማን ነው፣ ገበሬው ወይስ መጋዘኑ? ገብሱ ሚዛን ላይ ወጥቶ 12 ኩንታል ተብሎ ከተመዘገበ በኋላስ ይሰረዛል? ቀብድ በቴሌብር ተከፍሎ ከሆነ በማን ፈቃድ ይመለሳል? መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው አንዱን ቁልፍ ሦስቴ ይጫናል፤ ሲስተሙ ሦስቱም አንድ ጥያቄ መሆናቸውን በመለያ ቁጥር ካላወቀ ቀብዱም ሦስቴ ይመለሳል። የማረጋገጫ መልእክቱ ደግሞ አለ። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። «ውድ ደንበኛችን፣ ያቀረቡት የስረዛ ጥያቄ በአክብሮት ተቀባይነት ማግኘቱን የምንገልጽልዎ በታላቅ ደስታና በትሕትና ነው።» ክፍት ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ 74። ደስታው ብቻ ቢሆን 67 ላይ ይቆም ነበር፤ ትሕትናው ነው የሁለት መልእክት ሒሳብ ያስከፈለው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገሬ ሰው። ከተረቶች ሁሉ እንደዚህች ለቢሮ የተሰፋ አላውቅም፤ በየግድግዳው «ራዕያችን» ከሚለው ሰሌዳ ይልቅ እሷ ብትሰቀል ይሻል ነበር። ዓርብ ማታ የታጠቀው ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ይፈታል። ያን ጊዜ ፕሮግራመሩ ለቅሶ ላይ ነው፣ የማናጀሩ ስልክ ዝግ ነው፣ ስድቡን የሚጠጣው ሚዛኑ አጠገብ የቆመው ምስኪን መዛኝ ነው።

የፕሮዳክት ማናጀርነት ሙያ እንኳ የተወለደው ከሳሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይከታተል የነበረው ኒል ማክኤልሮይ፣ ለእያንዳንዱ ምርት ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው ይመደብ ብሎ ማስታወሻ ጻፈ። ሰውየው ኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። የኛዎቹ ታሪኩን ሲያነቡ ማስታወሻውን ዘለው ሚኒስትርነቱ ላይ ይደርሳሉ።

ዓይነታቸው ብዙ ነው። ሰንጠረዥ ወዳዱ «ራይስ» በሚባለው ስሌት ይምላል፦ ስንት ሰው ይደርሰዋል፣ ምን ያህል ይጠቅመዋል፣ ግምታችን ምን ያህል ያስተማምናል፣ ሦስቱ ይባዙና ሥራው ለሚፈጀው የሰው ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር ለሚሠራው ሥራ) ይካፈላሉ። የ400 ገበሬዎች ችግር፣ ጥቅሙ 1፣ መተማመኛው 80 በመቶ፣ ሥራው 2 የሰው ወር፦ 160 ነጥብ። ሥራ አስኪያጁ የፈለጉት ባለቀለም ግራፍ፣ ለ50 ሰው፣ ጥቅሙ 3፣ መተማመኛው 100 በመቶ፣ ሥራው ግማሽ ወር፦ 300 ነጥብ። ሒሳቡ እንከን የለውም። ግማሽ ወር ያለው ግን ማን ነው? ኮዱን የሚጽፈው ልጅ አልተጠየቀም። 2 ወር ይፈጃል ቢል ኖሮ ግራፉ 75 ይዞ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ ነው ያልተጠየቀው።

ገበያ ወራጁ ይሻላል፤ ቢያንስ ጫማው አቧራ ያውቃል። ችግሩ ጠላ የጋበዙትን የአንድ ጋሼን ምኞት የሰሜን ሸዋ ገበሬ ሁሉ ምኞት አድርጎት መመለሱ ነው። «ጋሼ፣ ይህቺን ይወዷታል?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ እንግዳ አያሳፍሩም፤ «ግሩም ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ይላሉ፤ ስልካቸው ግን ኢንተርኔት አያውቅም። መጠየቅ የነበረበት «አምና ገብሱን እንዴት ሸጡት? ዋጋውን ማን ነገረዎት? የተመዘነው የት ነው?» ተብሎ ነው። ስላለፈ ነገር ሲጠየቅ ሰው ይሉኝታ አይዘውም።

ባለ ራዕዩ የሦስት ዓመት ፍኖተ ካርታ በስላይድ ያሳያል፤ «ይህ ሥራ አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» ለሚለው ግን አንድ መስመር አይጽፍም። የሱ ጉድ የሚወጣው በቅጹ ነው። የትውልድ ቀን ሲሞላ የወራቱ ዝርዝር ነሐሴ ላይ ያበቃል። ጳጉሜን የለችም! በሩፋኤል ዕለት ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ነሐሴ 30 ላይ ይለጠፋል፤ መታወቂያው ሌላ፣ መዝገቡ ሌላ፣ ክፍያው «መረጃው አይዛመድም» ተብሎ ይታገዳል። አሥራ ሦስት ወር ባላት አገር፣ በራሷ ልጆች የተሠራ ቅጽ! ጳጉሜንን የጨመሩትም ቢሆኑ አምስት ቀን ብቻ ሰጥተው ይዘጓታል። በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች፤ 2011 ሆናለች፣ 2015 ሆናለች፣ 2019ም ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን ማየት የአንድ መስመር ኮድ ነው። ቀላል ነገር ማለት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ይህን ግን ማንም ዓርብ ማታ አይለምንም።

ከሁሉም የሚያንገበግበው እሺ ባዩ ነው። ለሽያጭ ክፍሉ እሺ፣ ለሒሳብ ክፍሉ እሺ፣ ለሥራ አስኪያጁማ ገና ሳይናገሩ እሺ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት የሥራ መመሪያ አድርጎታል። ሸዋ ላይ ፊት ለፊት አይሆንም ማለት እንደሚከብድ ይገባል፤ «እስቲ ይታያል» የምንለውም ለዚያ ነው። ግን እዚሁ መንዝ የጓሳን ሣር ሲጠብቁ የኖሩ አባቶች አልከበዳቸውም። ሜዳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ድረስ ከብትም ማጭድም አይገባም። መርጠው የሾሙት አለቃ ነበራቸው፤ የሚከፈትበትን ቀን የሚያሳውቀውም እሱ ነበር። «አንዲት ሸክም ብቻ» ያለ ሁሉ ቢፈቀድለት ኖሮ በአንድ ክረምት መሬቱ ይራቆት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ መጣና ያ ሥርዓት ፈረሰ። በየቢሮው ያለውን ያፈረሰው ግን አዋጅ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

ወደ ቁልፏ። በሁለት ሳምንት መሀል አዲስ ሥራ ካስገቡ እኩል የሚፈጅ ሌላ ሥራ ማውጣት ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። አስቸኳይ የሚባለውም ገንዘብ የሚያጠፋ ወይም ሥራ የሚያቆም ስሕተት ብቻ ነው። ይህን አስረድተው እሺ ባዩን «እሺ፣ ምኑ ይውጣ?» ቢሉት ግን መልሱ ያው ነው፦ «ኧረ ምንም አይውጣ! ልጆቹ ትንሽ ያምሹ እንጂ።» በታኅሣሥ ውርጭ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ማሞቂያ በሌለው ቢሮ። እሱ በ11 ሰዓት ተኩል ወጥቷል።