ስለ ዋይት ሐውስ ማውራቱን ቀንሱና ሪችመንድን እወቁ

የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው የአሜሪካ ዜግነት ለወሰዳችሁት ነው። ቅር ብትሰኙም እናገራለሁ።

ስካይላይን አካባቢ ካሉት ካፌዎቻችን ወደ አንዱ ከሰዓት በኋላ ግቡ። ወሬው አንድ ነው። ትራምፕ እንዲህ አለ። ባይደን እንዲያ ሳያደርግ ሄደ። ማን ማንን አባረረ፣ ማን ከማን ተጣላ። ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። አርሰናልና ማንቸስተር ሲጫወቱ እንደምንከራከረው ነው። ደማችን ይሞቃል፣ ሜዳው ላይ ግን የለንበትም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ላሉት "በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ባለው የስቴቱ ምክር ቤት ሰፈራችሁን የሚወክለው ዴሊጌት ማን ይባላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ኪሳችንንና ጤናችንን የነካው ትልቁ ውሳኔ የተወሰነው እዚያ ስማቸውን በማናውቃቸው ሰዎች ነውና።

ሜዲኬይድን፣ መንግሥት ለድሃው የሚከፍለውን የጤና ኢንሹራንስ፣ እንውሰድ። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ሐሳቡ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አዋቂ ሁሉ፣ የትም ስቴት ይኑር፣ ሜዲኬይድ እንዲያገኝ ነበር። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለየስቴቱ ምርጫ ተወው። ሜሪላንድ እሺ ብላ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ አስገባች። ዲሲማ ከዚያም ቀድማ ጀምራ ነበር። ቨርጂኒያ እምቢ አለች። እምቢታዋ አምስት ዓመት ቆየ።

ይህ ኑሮ ላይ ምን ማለት እንደነበር እዩት። ኡበር የሚነዳ፣ ልጅ የሌለው፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው አስቡ። አሠሪ ስለሌለው ኢንሹራንስ የሚገዛለት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢከራይ ሜዲኬይድ ያገኛል። ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ቢከራይ አያገኝም። የዚያን ጊዜ የቨርጂኒያ ሕግ አካል ጉዳት የሌለበትን፣ ልጅ የማያሳድግን፣ 65 ዓመት ያልሞላውን ሰው የቱንም ያህል ቢደኸይ አይቀበልም ነበር። ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ ያው የስኳር በሽታ። ፕሬዚዳንቱም ለሁለቱም ያው ነው። የኪኒኑን ግማሽ ጠዋት ውጦ ግማሹን ለማግስቱ የሚያስቀምጥ፣ ቀሪውን አገር ቤት ደርሶ በሚመለስ ሰው የሚያስመጣ ወንድም ስንቱ ነበር! የድሃ ሰው ኩላሊት በየትኛው የወንዝ ዳር በማደሩ ይፈረድበት ማለት ነውር ነው። ይህን አስተያየቴን ለማንም አልደብቅም።

ማን ከለከለው? ገዥው ቴሪ ማክኦሊፍ ፈልጎ ነበር፤ አራቱንም የሥልጣን ዓመታቱን ወተወተ። የሪችመንድ ዴሊጌቶች ምክር ቤት አልሰማውም። ከ100ው መቀመጫ 66ቱ በተቃዋሚዎቹ በሪፐብሊካኖቹ እጅ ነበር።

በኖቬምበር 2017 ምርጫ ግን ዴሞክራቶች 15 መቀመጫ ወሰዱ። ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ባለው 94ኛው ዲስትሪክት ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ። ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ ተወዳደሩ። መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ በ1 ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት አነሱ። መራጩ የሁለቱንም ስም ክብ አጥቁሮ የሳይመንድስ ላይ ሰረዝ አስምሮበታል። ዳኞቹ ለያንሲ ትቆጠር አሉ። 11,608 ለ11,608፣ እኩል ለእኩል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ፤ ለያንሲ ደረሰው። በዚያ ዕጣ ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆኖ በሪፐብሊካኖች እጅ ቀረ።

ግን የምርጫው ውጤት ብዙዎቹን አስደንግጧቸዋል። አንዳንድ ሪፐብሊካኖች ሐሳባቸውን ቀይረው ከዴሞክራቶቹ ጋር ድምፅ ሰጡ። አዲሱ ገዥ ራልፍ ኖርታም የሜዲኬይድ ማስፋፋቱን ጁን 7 ቀን 2018 ፈረመ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ካርዱ መሥራት ጀመረ። ያገኛሉ ተብለው የተገመቱት ወደ 400,000 ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከመካከላችን በዚያ ካርድ ሐኪም ቤት የሚሄድ ብዙ ሰው አለ። ከየት እንደመጣለት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። "ኦባማ የሰጠን" ይላል። አይደለም ወንድሜ። ኦባማ ከሥልጣን ከወረደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ልብ በሉ፣ 2017 ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ዓመት አልነበረም። ቨርጂኒያ ዴሊጌቶቿን የምትመርጠው በጎደሎ ዓመት ነው፤ ቲቪው ብዙም በማይጮህበት፣ እኛም ቤታችን በምንተኛበት ዓመት። ሌላም አለ። አርሊንግተንን፣ አሌክሳንድሪያን፣ ሲልቨር ስፕሪንግን የመሰሉ ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ሰፈሮች በአንድ ፓርቲ የተያዙ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ፣ ፕራይመሪው ላይ ነው። ጥቂት ሰው ወጥቶ ይመርጣል፣ ሌላው በኖቬምበር መጥቶ ያለቀ ነገር ላይ ይፈርማል። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ስትመዘገቡ ፓርቲ ካልያዛችሁ የፓርቲ ፕራይመሪ ላይ ገብታችሁ አትመርጡም። ቨርጂኒያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አንዱን ፓርቲ መርጣችሁ ገብታችሁ ድምፅ መስጠት ነው።

ለምን እንደማትሄዱ ስጠይቅ የምሰማው መልስ ይታወቃል። አንዱ "ከተመዘገብኩ ፍርድ ቤት ለጁሪ ይጠራኛል" ይላል። መንጃ ፈቃድ ካለህ ስምህን ከዚያም ሊወስዱት ይችላሉ፤ ስላልመረጥክ አታመልጥም። ሌላው "ፖለቲካ ይቅርብኝ" ይላል።

ይህኛውን አልንቀውም። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ97ቱ ምርጫ ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ መረጠ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጥይት ተተኮሰ፣ ልጆች ወደቁ፣ እስር ቤቱ ሞላ። ከእናንተ መካከል በዚያ ሰበብ አገር ለቆ የወጣ አለ። የተቃጠለ ልብ በምርጫ ወረቀት ቶሎ አይድንም።

ነገር ግን እናስታውስ። እዚህ ዲሲ፣ ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት በብርድ ቆመን "ድምፃችን ይከበር" ብለን የጮህነው እኛው ነን። ትክክል ነበርን። ዛሬ ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ ከምርጫው ቀን በፊት 45 ቀን ያህል ቀድሞ መምረጫው ይከፈታል። ማንም አያስፈራራችሁም፣ ቀበሌ አይጠይቃችሁም። እዚያ ሰው የሞተበትን ነገር እዚህ በእጃችሁ ይዛችሁ ትጥሉታላችሁ? እኔ ይህን ስንፍና ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ለሞቱት ያለን አክብሮት የት አለ?

ለማን ምረጡ እያልኩ አይደለም። ሜዲኬይድ መስፋፋቱን የሚቃወም፣ ታክሱ ከበደኝ የሚል ወገን አለ። እሱም ይምጣ፣ ይምረጥ፤ እዚያው እንከራከራለን።

እናቶቻችንንም አስቀርተናቸዋል። 55 ዓመት ሞልቷቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ፣ ወይም 50 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩ ሰዎች የዜግነት ፈተናውን በአማርኛ ተፈትነው ማለፍ ይችላሉ። ስንት እናት እንዲህ ዜጋ ሆናለች! ከዚያ በኋላ ግን "እንግሊዝኛ አልችልም፣ ምን ላደርግ እሄዳለሁ" ብላ ቤቷ ትቀራለች። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል። አሠሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም የእነሱ ወኪል ብቻ አይሁን እንጂ ልጅም፣ ጎረቤትም ይሆናል። ስለዚህ እማማን ይዛችሁ ሂዱ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ይናገራሉ፣ መታወቂያ ከተጠየቁ ያሳያሉ፣ ወረቀቱን ይቀበላሉ። አጠገባቸው ቆማችሁ በአማርኛ አንብቡላቸው። የፈለጉትን ክብ በራሳቸው እጅ ያጥቁሩ። ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ራሳቸው ይክተቱት። እናንተ የምትመርጡትን እንዲመርጡ ግን አትጫኗቸው፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ ነውርም ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሞክራችሁ እንኳ እንዳትመዘገቡ። መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ ውስጥ፣ ቅጹ ላይ "ዜጋ ነህ?" የሚለውን ሳያነቡ አዎ ብሎ ማለፍ አለ። ያ ነገር ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ዛሬ ይህን አጥብቄ የምናገረው ያ ካርድ እንደገና ስለተነካ ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በዚህ ማስፋፋት ሜዲኬይድ ያገኙ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን ማሳየት ይኖርባቸዋል። ትንንሽ ልጆች የሚያሳድጉና የታመሙ ይቀራሉ። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ነው የሚለው። ብቁነታቸውም በየስድስት ወሩ እንደገና ይጣራል። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ ስደተኛ ሆነው የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ብዙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከሜዲኬይድ ይወጣሉ። የቨርጂኒያ የራሷ ሕግ ደግሞ ፌዴራሉ የሚከፍለው 90 በመቶ ከቀነሰ ማስፋፋቱ ይቁም ይላል። ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው። በየቀኑ የሚያስፈጽመው ግን ስቴቱ ነው፤ ቅጹን የሚያዘጋጀው፣ ስልኩን የሚያነሳው፣ ሰውን የሚያቆየው ወይም የሚያስወጣው እሱ ነው። ወረቀት ሳያስገባ ቀርቶ ካርዱን የሚያጣው ሰው ከመካከላችን ይሆናል።

የቨርጂኒያ ዴሊጌቶች በሚቀጥለው የሚመረጡት በ2027 ነው፤ ይህ ሁሉ በሚጀምርበት ዓመት። እስከዚያ ግን አሁን ያሉት ቢሮና ስልክ አላቸው። ሰፈራችሁ ሲመጡ ወይም ስልኩን ሲያነሱ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። በኡበር የተነዳ ሰዓት እንዴት ነው የሚቆጠረው? ቅጹ በአማርኛ ይወጣል? ደብዳቤው ሳይደርሰው ቀርቶ የተሰረዘ ሰው ለማን ይግባኝ ይላል፣ በስንት ቀን ውስጥ?