ፈረሰኛውን ማን በላው?

በእኛ ቤት ድመት ያልበላችው ነገር የለም። በሰባት ዓመት ዕድሜዋ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ፣ አንድ ጠርሙስ ማር፣ የታናሹን አጎቴን የእጅ ሰዓትና ለዕቁብ ተቆጥሮ የተቀመጠ 300 ብር በልታለች። ማሩን ስትጨርስ ጠርሙሱን መልሳ ከድናዋለች። ስሟ ውሮ ነው፤ ሌላ ስም ለማውጣት የደከመ ሰው አልነበረም። የጠፋ ነገር ሁሉ ግን በስሟ ተመዝግቧል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ልቦለድ አድርገው ይነግዱበታል። ጸጥ ያለ የገጠር መንደር፣ ሻይና ኬክ፣ ምንጣፍ ላይ የተዘረጋ ሟች፤ ከዚያ ሹራብ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ትመጣና ፖሊስ ያቃተውን በሐሜት ትፈታዋለች። እኔን የሚደንቀኝ አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ገጽ መቆየቷ ነው። የእኛ ሰፈር አሮጊቶች ቢሆኑ ገዳዩን ከሟቹ ቀድመው ያውቁት ነበር።

ወደ ራሳችን ወንጀል ልመለስ። ነገሩ የሆነው በፋሲካ ሌሊት፣ ጉለሌ በሚገኘው በአያቴ በእማማ ቤት ነው። 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ሳንቀምስ ከርመን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ቄጤማ በተጎዘጎዘ ወለል ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገበታ ቀርበናል። መፈሰኪያውን የሚያበስረው ዶሮ ነው፤ የእኛው ድስት ውስጥ ስለነበረ የጎረቤት ዶሮ ጮኸልን። አክስቴ የድስቱን ክዳን አነሣች፤ ጭልፋውን ሰደደች፤ አማሰለች። እንደገና አማሰለች። ከዚያ ጭልፋውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ፈረሰኛው የለም» አለች።

ዶሮ 12 ብልት አለው፤ 12ቱም የየራሳቸው ባለቤት ያላቸው ይመስለኛል። ክንፍ ቢጠፋ ማንም ልብ አይልም። ቅልጥም ቢጠፋ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ያልፋል። ፈረሰኛ ግን የአባወራው ነው፤ እሱ ሲጠፋ ዙፋን እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በእኛ ቤት ደግሞ ወንድ አያታችን ከሞቱ ወዲህ አባወራው ማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። ታላቁ አጎቴ በዕድሜ ይገባኛል ይላል። መርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚነግደው ታናሹ አጎቴ ዶሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ ይላል። አምና ፈረሰኛው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ለሁለት እንክፈለው ተባለና ቢላዋ ሲያርፍበት ተስፈንጥሮ የእማማ አዲስ ነጠላ ላይ ዐረፈ። የነጠላው እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

«ድመቷ ናት» አለ ቤተሰቡ በአንድ አፍ። ውሮ ከአልጋ ሥር አልወጣ ማለቷም እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባት። አክስቴ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብላ ፍርዱን አጸናች።

ታላቁ አጎቴ ግን 30 ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ፋይል ከመደርደርያ ወደ መደርደርያ ከማዛወር በቀር አንድም ነገር መርምሮ አያውቅም፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ምርመራ ያማረው ነበር። መነጽሩን አደረገ። ክዳኑ ላይ የቡና ሙቀጫ ተጭኖ እንደነበር አስመሰከረ። ድመት ሙቀጫ አንሥታ፣ በጨለማ ከ12 ብልት ፈረሰኛውን ለይታ፣ ከ12ቱ እንቁላል አንዱን ሳትነካ፣ ሙቀጫውን ወደ ቦታው ልትመልስ እንዴት ትችላለች? ውሮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቃ አገኘች።

አክስቴ «ሌባ ሻይ ነበር የሚያወጣው» አለች። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁት ነበር፤ ልጁ እየባዘነ ሮጦ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንኳ ይሠራበት ነበር። ታናሹ አጎቴ ግን «የእኛ ልጆች መድኃኒት ሳይጠጡም የሚሮጡት ወደ ወጥ ቤት ነው» ብሎ ሐሳቡን ጣለው።

ስለዚህ አውጫጭኝ ታዘዘ። አፈርሳታም ይሉታል። በጥንቱ ሥርዓት ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ የለም፤ እርሻው ቢጠብቅ፣ ላሟ ብትጮህ ግድ የለም። እኛም ጥፋተኛው እስኪወጣ ከመሶቡ እንዳንቆርስ ተባለ። 55 ቀን ለጾመ ሰው 56ኛውን መጨመር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ታላቁ አጎቴ መስመር ያለው ወረቀት አውጥቶ «ቃለ ጉባኤ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። ጥያቄው ከታናሽ ወደ ታላቅ እንዲሄድ ተወሰነ።

የዘጠኝ ዓመቱ የአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ ማልቀስ ጀመረ። «ማሩን እኔ ነኝ» አለ። ስለ ማር የጠየቀው አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቱ የወጡ ሽታ እያዞራት 300 ብሩን አመነች። እኔ ተራዬ ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን ነገር ተናገርሁ፤ ለአንድ ሰርግ ሳላስፈቅድ አድርጌው ሄጄ ሽንት ቤት ጉድጓድ ገብቶብኝ ነበር። ታናሹ አጎቴ በቁጣ ሊነሣ ሲል ተራው የእሱ መሆኑ ተነገረውና ተቀመጠ። እሱም ባለፈው ክረምት የተሰበረው የእማማ ጀበና በድመቷ እንዳልተሰበረ ገለጸ።

የአክስቴ ነገር ይለያል። በጾም የብስኩት መጠቅለያ አገላብጣ ወተት አለበት የለበትም ብላ የምትመረምር ሴት ናት። አንገቷን ደፍታ «ቅቤውን እኔ ነኝ» አለች። «ራሴን ሲያመኝ አናቴን ተቀባሁት።»

«ሁለቱንም ኪሎ?»

«ሕመሙ ጸንቶብኝ ነበር።»

በዚህ መካከል ለነገ የተገዛው በግ ገመዱን ፈትቶ ገብቷል። ከጓዳው ጥግ ጀምሮ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ጥርግ አድርጎ እየበላ መጣ፤ ከቀዳም ሥዑር ጀምሮ በታላቁ አጎቴ ራስ ላይ ታስሮ የነበረውንም ቄጤማ ከኋላው በጨዋነት ወሰደ። አጎቴ ጽሑፍ ላይ ስለነበር አልተሰማውም። የቃለ ጉባኤው የመጀመሪያ ገጽ ሲወሰድ ግን ጮኸ። በጉ ሲያኝክ ፊቱ ላይ የነበረው እርጋታ ብዙ ዳኞች የሚመኙት ዓይነት ነበር።

ሰዓቱ ወደ 11 ተጠጋ። የሰባት ዓመት ውዝፍ መዝገብ በሁለት ሰዓት ተዘግቷል፤ ማሩ፣ ብሩ፣ ሰዓቱ፣ ጀበናው፣ ቅቤው ሁሉ ባለቤት አግኝቷል። ፈረሰኛው ብቻ ቀረ።

«እማማስ?» አለ ልጁ።

እናቱ ቆነጠጠችው። ማን ነው እማማን የሚጠይቅ? መደቡ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲያንቀላፉ ነበር የመሰለን። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጁን ተይው» አሉ። «እስካሁን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ለውሮ ሰጠኋት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በጉ እንኳ ማኘኩን ያቆመ መሰለኝ።

«አምና በፈረሰኛው የተነሣ ነጠላዬን አበላሻችሁት። ዘንድሮ ደግሞ ልትጋደሉ ነበር። እሷን ሰባት ዓመት ያልበላችውን በላሽ ስትሏት ኖራችኋል፤ አንድ ቀን እንኳ እውነት ይሁንላት ብዬ ነው። ሙቀጫውን የመለስሁት ሌላ ድመት እንዳይገባ ነው።»

«እማዬ፣ ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምነው ዝም አልሽን?» አለ ታላቁ አጎቴ፣ እስክሪብቶው በእጁ እንዳለ።

«ልናገር ነበር። ማሩ ሲወጣ ግን ቅቤውም ይከተላል ብዬ ጠበቅሁ።»

ወጡ እንደገና ተሞቀ። አክስቴ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ለውሮ ምን እንደምትላት አልሰማንም፤ የወጣችው ግን ዓይኗን እየጠራረገች ነው። እማማ ጭልፋውን ራሳቸው ያዙና ለሁለቱ ልጆቻቸው አንዳንድ ክንፍ አወጡላቸው፤ እኩል ክንፍ፣ እኩል እንቁላል፣ እኩል መረቅ።

ታላቁ አጎቴ ሳህኑን ትንሽ ካየ በኋላ የቀኙ ክንፍ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።