ዱላውን ብቻ ኮርጆ ሲንጋፖር መሆን የለም

ማሌዢያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚጥልን ሰው እስከ 2,000 ሪንጊት (የማሌዢያ ገንዘብ ነው) የሚያስቀጣ፣ በዚያም ላይ በድምሩ እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ የሕዝብ ቦታ የሚያስጠርግ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሲጋራ ቁራጭ ከጣልክ መጥረጊያ ይሰጥሃል፤ ነገሩ ይኼው ነው። ሲንጋፖር ይህን ቅጣት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትሠራበታለች። ጎረቤት ከጎረቤት ኮረጀ፤ እስከዚህ ምንም አይደለም።

እኔን ያናደደኝ ሕጉን ተከትሎ የመጣው ወሬ ነው። ሲንጋፖር በተነሳች ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ብድግ ይላል። አንዱ «የነሱ ባህል ነው፤ ሕዝቡ ሲፈጥረው ንጹሕ ነው» ይላል። ሌላው «ዱላ ነው፤ ሰው ካልተቀጣ አይሰማም» ይላል። ሁለቱም ያችን አገር በፎቶ እንጂ በእግራቸው የሚያውቋት አይመስሉም።

ከባህሉ እንጀምር፤ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ሲንጋፖርና ማሌዢያ በ1963 አንድ አገር ሆኑ፣ በኦገስት 9 ቀን 1965 ተፋቱ። ከዚያ በፊትም የገዛቸው ያው እንግሊዝ ነበር። ማላዩ፣ ቻይናው፣ ከሕንድ የመጣው ታሚሉ እዚያም እዚህም አለ። ድርሻው ይለያያል፤ ሲንጋፖር ውስጥ ቻይናው ይበዛል፣ ማሌዢያ ውስጥ ማላዩ። ግን አጎት ድንበሩ ላይ ባለችው የማሌዢያ ከተማ ጆሆር ባሩ፣ የእህት ልጅ ሲንጋፖር የሆነበት ቤተሰብ ሞልቷል። የሚበሉት ምግብ አንድ ከመሆኑ የተነሳ «ይህ ወጥ የማነው» እያሉ ይጣላሉ። ሲንጋፖር የሆከር (የመንገድ ምግብ ሻጭ) ምግቧን ዩኔስኮ እንዲመዘግብላት ስትጠይቅ ማሌዢያውያን ያበዱት ለዚህ ነበር። ዩኔስኮ ግን በ2020 መዘገበላት። እንግዲህ ባህል ከተባለ የቱ ባህል ነው የሚያጸዳው? ሁለቱም ጋ ያለው ያው ባህል ነው።

አሁን ድልድዩን ተመልከቱ። ጆሆር ባሩን ከሲንጋፖር የሚያገናኘው መንገድ ከተከፈተ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰው በሁለቱ አገሮች መካከል ይመላለሳል። ብዙው ማሌዢያዊ ሠራተኛ ነው። ሌሊት ተነስቶ፣ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ፣ ፓስፖርቱን አስመትቶ ሲንጋፖር ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የሲንጋፖር ዶላር ከሦስት ሪንጊት በላይ ይመነዘራል። ማታ ይመለሳል።

ይህ ሰው ጠዋት ሲንጋፖር ውስጥ መብራት ጠብቆ ይሻገራል፣ በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን መመለሻው ላይ ያስቀምጣል፣ ሲጋራውን የተፈቀደለት ቦታ ቆሞ ያጨሳል። ማታ ጆሆር ባሩ ሲገባ ሞተሩን የእግረኛ መንገድ ላይ ያወጣዋል። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ባህሉ ተቀየረ? እናቱ ያሳደገችውን ድልድዩ ላይ ጥሎት መጣ? ተቃራኒውንም እዩት። ቅዳሜ ጠዋት የሲንጋፖሩ ጨዋ ሰውዬ ደህና መኪናውን ይዞ ወደ ማሌዢያ ይሻገርና አውራ ጎዳናው ላይ እንደ እብድ ይነዳል። የሲንጋፖር ታርጋ የለጠፉ መኪኖች ሳይከፍሉት የቀሩት ቅጣት የማሌዢያ ባለሥልጣናት የዘወትር እሮሮ ነው። «ሲፈጥረው ሥርዓት ያለው» የተባለው ሕዝብ እኮ ነው ይኼ! ሌላው ይቅርና የሲንጋፖር መንግሥት ራሱ ሕዝቡን አያምንም። መኪና ይዘህ ወደ ማሌዢያ ስትወጣ ታንክህ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ነዳጅ መያዝ አለበት የሚል ሕግ አለው። ያለዚያ ሁሉም ባዶ ታንክ ይዞ እየተሻገረ ርካሽ ቤንዚን ቀድቶ ይመለሳል። ባህል ቢበቃ ኖሮ ጌጁን የሚያይ ፖሊስ ምን ያደርጋል?

«ታዲያ ዱላ ነው ማለት ነዋ!» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቆይ።

ማሌዢያ ቆሻሻ የጣለን መቅጣት ዛሬ አልጀመረችም። የመንገድ፣ የፍሳሽና የሕንፃ ሕጓ የ1974 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ቅጣት ነበራት። ዱላ ቢያጸዳ ኖሮ ዋና ከተማዋ ኩዋላ ላምፑር ድሮ ታበራ ነበር። አሁን የዱላውን ርዝመት መጨመር ምን ይለውጣል? ለሁለት ወር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ አንድ ሁለት ምስኪን ቱታ ለብሶ ሲጠርግ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይረሳል።

ሲንጋፖር ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። በ1968 እና በ1969 መንገድ ላይ ምግብ የሚሸጡትን አንድ በአንድ መዘገበች። ወደ 18,000 ነበሩ። የዚያን ጊዜዋ ሲንጋፖር ከማንም አትሻልም ነበር። እጣቢው ቦይ ውስጥ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ። ከ1971 ጀምሮ እነዚህን ሰዎች ወደ ሆከር ሴንተር (ምግብ ሻጮች አንድ ላይ የሚሠሩበት አዳራሽ) ማስገባት ጀመረች፤ 1986 ላይ ጨረሰች። አሥራ አምስት ዓመት ፈጀባት። ለእያንዳንዱ ሻጭ ጣሪያ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የቆሻሻ ማከማቻ፣ ፈቃድ ሰጠች። ቅጣቱም ዘመቻውም ጎን ለጎን ነበር፤ አልካድኩም። ግን ቧንቧ የተሰጠው ሰው እጣቢ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ብትቀጣው ያምርብሃል። ቧንቧ የሌለውን ስትቀጣ ግን ግብር እየሰበሰብክ ነው እንጂ ከተማ እያጸዳህ አይደለም።

ሳህን የመመለሱም ነገር ያው ነው። የሲንጋፖር ሰው ለዓመታት በልቶ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር። በማስታወቂያ ለመኑት፣ አልሰማም። መመለሻ መደርደሪያ በየቦታው ተተከለ። ከዚያ በሴፕቴምበር 2021 ግዴታ ሆነ፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደጋገም ቅጣት። አሁን ይመልሳል። መደርደሪያው ከቅጣቱ ቀድሞ ነው የመጣው። እና ደግሞ ያ ሁሉ መስታወት የሚመስል መንገድ በራሱ አይጸዳም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጽዳት ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ገና ሳይነጋ ጠርገው ስለሚጨርሱ ቱሪስቱ አያያቸውም። ከዚያ አገሩ ተመልሶ «ሕዝቡ እንዴት ንጹሕ ነው!» ይላል።

መኪናውስ? እዚህ ላይ ማሌዢያና ሲንጋፖር ሰማይና ምድር ናቸው። ሲንጋፖር ውስጥ መኪና ለመግዛት መጀመሪያ መኪና የመያዝ መብት በጨረታ ትገዛለህ። ለአሥር ዓመት ብቻ ነው፤ በ2025 ዋጋው ከ100,000 የሲንጋፖር ዶላር ያለፈበት ጊዜ አለ። መኪናው አልተጨመረበትም። በዚያ ወረቀት ዋጋ ድልድዩን ተሻግረህ የማሌዢያዋን ትንሽዬ ፔሮዱዋ አክሲያ ከአሥር በላይ ትገዛለህ። ማሌዢያ የራሷን መኪና ሠርታ፣ ቤንዚኑን ደጉማ (ዜጋው ሊትሩን በ1.99 ሪንጊት ይቀዳል)፣ ሰፊ አውራ ጎዳና ዘርግታ «በሉ ንዱ» ያለች አገር ናት። ሕዝቡም ነዳ። የእግረኛው መንገድ መኪና ማቆሚያ ሆነ፣ ወይም ድንገት ቦይ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። በእግሩ የማይሄድ ሰው ደግሞ መንገዱ የኔ ነው አይልም። መስኮት ዝቅ አድርጎ ይወረውራል። በእግሩ የሚሄድበትን ሰፈር የሚያቆሽሽ ሰው ያን ያህል አይበዛም፤ ለዚህ ጥናት አልቆጥርም፣ ሁለቱን ከተሞች ማየት ይበቃል።

ኩዋላ ላምፑርን ግን አልጠላትም። ባቡር ሠርታለች፤ በ50 ሪንጊት የወር ትኬት ቀኑን ሙሉ በባቡርና በአውቶቡስ ትመላለሳለህ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማማክ ቤት (የሕንድ ዝርያ ያላቸው ሙስሊሞች ምግብ ቤት) ቁጭ ብሎ ትኩስ ሮቲ፣ ማለትም ቂጣ፣ በወተት ሻይ መብላት ሲንጋፖር ውስጥ በዚያ ዋጋ የማይገኝ ደስታ ነው። ሲንጋፖር አንዳንዴ ታፍናለች። በ1992 ማስቲካ መሸጥ የከለከለችው ሰዎች የባቡር በር ላይ እየለጠፉ በሩ አልዘጋ ስላለ ነው፤ ምክንያቱ ቢገባኝም አሁን ድረስ ያስቀኛል።

የሚያበሳጨኝ ግን እኛ ራሳችን ከዚያች አገር የምንመርጠው ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ሲንጋፖር ስትጠራ ቅጣቷ ይነሳል፣ ማስቲካዋ ይነሳል። ከአሥር ሰው ወደ ስምንቱ የሚኖርበትን የመንግሥት ቤት የሚያነሳ የለም። ከመንገድ የተነሱት ሻጮች የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም። ርካሹን መርጦ መኮረጅ ነው ይኼ። ዱላ በጣም ርካሽ ነው፤ ቧንቧ ግን በጀት ይፈልጋል።

ጆሆር ባሩንና ሲንጋፖርን የሚያገናኘው አዲስ ባቡር በ2026 መጨረሻ ሥራ ይጀምራል ተብሏል። አራት ኪሎ ሜትር፣ አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ እስከ 10,000 ሰው። ያ ሞተረኛ በባቡር ይሄዳል ማለት ነው። ማታ ጆሆር ባሩ ውስጥ ባለው ቡኪት ቻጋር ጣቢያ ላይ ሲወርድ ቤቱ ድረስ የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ ይኖረዋል? በመንገዱ ላይ የሲጋራ ቁራጩን የሚጥልበት ገንዳ ይኖራል? ኩዋላ ላምፑር ያሉት ሕግ አውጪዎች 2,000 ሪንጊቱን ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።