ሰበር! እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይወጡ!

ጓደኛዬ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፈውን የሚያነብለት ጠፍቶ ተክዟል። ገብቼ አየሁለት። ገበያ ወርዶ፣ ነጋዴ አነጋግሮ፣ ዋጋ አወዳድሮ ጽፏል። ርዕሱ «የጤፍ ዋጋ ለምን ጨመረ?» ይላል። ስከፍተው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የጤፍ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ያስረዳል! ሰው እንዴት በአደባባይ እንዲህ ራሱን ያዋርዳል?

ወንድሜ፣ አልኩት፣ ርዕስና ጽሑፍ እኮ የተፋቱ ባልና ሚስት ናቸው። መንገድ ላይ ቢተላለፉ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

መጀመሪያ «ሰበር» በል። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ሰበር ነው፣ ሲመጣም ሰበር ነው። የቀረን ወጌሻ መጥራት ብቻ ነው። ቀጥሎ አፏን በእጇ የያዘች ሴት ፎቶ ፈልግና ቀይ ቀስት ጨምርበት። ቀስቱ ባዶ ግድግዳ ቢያሳይም ግድ የለም። ሰው ግድግዳውን ሊያይ ይገባል።

ሁሉን የሚያስንቀው ግን ሞት ነው። ቁርሱን በሰላም እየበላ ያለ አንድ አርቲስት ግደል። ድሮ «ለቀባሪ አረዱት» ይባል ነበር፤ አንተ ለሟቹ ለራሱ ታረዳዋለህ። «ኧረ አለሁ!» ብሎ ከወጣ ደግሞ እሰየው። «ሞተ የተባለው አርቲስት ዝምታውን ሰበረ!» ብለህ ትመለሳለህ። አንድ ሬሳ፣ ሁለት ገበያ።

ቪዲዮ ከጀመርክ 8 ደቂቃ ሳትሞላ እንዳትጨርስ። ዩቲዩብ ከ2020 ወዲህ 8 ደቂቃ የሞላ ቪዲዮ መሃል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል። ወሬህ 40 ሰከንድ ብቻ ከሆነስ? ሰላምታ ምን ሊሠራ ተፈጠረ! አክስቴ አንዱን ቪዲዮ የከፈተችው አቦል ስትቀዳ ነበር። በረካ ላይ ስንደርስ ሰውየው ገና «ወደ ዜናው ከመግባታችን በፊት ደውሏን ተጫኑ» ይላል። «እትዬ፣ ምን አለ?» ብላት፣ «ዝም በል፣ ሊነግረን ነው» አለችኝ። ከማስታወቂያው ገቢ ለመካፈል በአንድ ዓመት 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል። ከ166 ቀን በላይ የሰው ዕድሜ ማለት ነው። አክስቴ ድርሻዋን አዋጥታለች።

ጽሑፍ ላይ ሙጭጭ ካልክም መላ አለው። ሆን ብለህ ተሳሳት። የአድዋ ድል በ1898 ነው በል። አንዱ በ1888 ነው ብሎ ይነሳብሃል። ሌላው በ1896 ነው ብሎ ይነሳበታል። አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ እስኪነጋ ይሰዳደባሉ። አንተን የሚያስታውስህ የለም፤ ተኝተህ ታድራለህ።

ጓደኛዬ አንገራገረ። ኋላ ግን ያንኑ የጤፍ ጽሑፍ አንዲት ፊደል ሳይነካ ርዕሱን ብቻ ለወጠው። «ማኛ ያልጠበቀችው ጉድ ገጠማት! ሰው ሁሉ ጥሏት ሄደ!»

በማግስቱ ከሥሩ ያለውን አስተያየት አብረን አነበብን። ስለ ዋጋው የጠየቀ አንድም ሰው የለም። «ወንዶች እኮ እንዲህ ናችሁ!» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «አይዞሽ ማኛዬ፣ እኔም አልፌበታለሁ» ብላለች። አንድ አባት ደግሞ በትህትና፣ «ልጆች አሏት?» ብለው ጠይቀዋል።