ሳይጠይቁ ለሚከፍሉ የአልማዝ ቀለበት ጀግኖች

ሁሌ የሚወራው ስለሚቆጥብ ሰው ነው፣ ሶስት አራት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ስላነጻጸረ፣ ስለተከራከረ፣ ማታ ቁጭ ብሎ ስላነበበ ሰው። ይሄ ምኑ ይደነቃል? ፈሪ ሁላ! እስኪ ዛሬ ውለታው የተረሳውን እናመስግን፣ ለእጮኛው የአልማዝ ቀለበት ሊገዛ ገብቶ አንዲት ጥያቄ ከአፉ ሳትወጣ "ያኛውን ስጡኝ" ብሎ ካርዱን የሚዘረጋውን ጀግና። ይሄ ሰው ባይኖር ስንቱ የአልማዝ ነጋዴ ፆሙን ባደረ ነበር።

በጀት ሲያወጣ እንኳን ታያላችሁ ጨዋነቱን። ሌላው ቋጣሪ ኪራዩን፣ እዳውን፣ የሰርጉን ወጪ ደምሮ ቀንሶ "ለቀለበት ይሄን ያህል ይተርፈኛል" ይላል። የኛ ጀግና እንዲህ አይነት ተራ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፣ እሱ የሚያውቀው አንድ ህግ ነው፣ የሁለት ወር ደሞዝ። ማን ያወጣው ህግ ነው ብትሉት "ድሮም ያለ ባህል ነው" ይላችኋል በኩራት። እውነቱን ነው፣ ባህል ነው፣ አልማዝ ሻጩ ዲቢርስ በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) በአሜሪካ ማስታወቂያ ያስነገረው ባህል። ከዛ በፊት ይባል የነበረው የአንድ ወር ነው፣ ለጃፓኖች ደግሞ ሶስት ወር ተብሎ ተነገራቸው። ፍቅር እንደየአገሩ ታሪፍ ወጣለት ማለት ነው፣ ታሪፉን ያወጣው ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ወገን ነው። ሻጩ "ከደሞዝህ ይሄን ያህል ትሰጠኛለህ" ሲለው "አሜን" የሚል ገዢ በሌላ በየትኛው ገበያ አይታችኋል?

"አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የሚለውንም ነገር እንዳትነኩበት። ጥቅሱ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል፣ በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ድርጅት ጸሐፊ ለዲቢርስ የጻፈችው ነው፣ እሷ ራሷ ሳታገባ ነው የኖረችው። ዘላለማዊነቱንማ ላቮይዤ የሚባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1772 የፀሐይ ብርሃን በትልቅ ሌንስ ሰብስቦ አልማዝ አቃጥሎ አሳይቷል፣ ካርቦን አይደል እንዴ፣ ይነዳል። ግን ይሄን ለጀግናው መንገር ክፋት ነው፣ ደሞም እሱ ከሚያወጣው ብር በፊት አልማዙ አይነድም።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ፣ ምክንያቱም የጀግናው ችሎታ የሚታየው እዛ ነው። ጣሪያው ላይ ትንንሽ አምፖሎች ተደርድረው ቁልቁል ያበራሉ፣ እንደዛ ያለ መብራት ስር የጠርሙስ ስብርባሪ ብታስቀምጡ ራሱ ያንጸባርቃል። ሻጩ ጥቁር ጨርቅ ያነጥፍና መጀመሪያ አንድ ትንሽ ያወጣል፣ ቀጥሎ በጣም ትልቅና የማይቀመስ ያወጣል፣ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያውኑ ሊሸጠው ያሰበውን መካከለኛውን ያወጣና ዝም ይላል። ጀግናው መካከለኛውን ሲመርጥ በራሱ ብልህነት ተገርሞ ፈገግ ይላል። "ቆይ መስኮት ጋ ወስጄ በፀሐይ ብርሃን ልየው" ቢል ምን ይላሉ? ነውር ነው!

ከዛ ማጉያዋ መነጽር ትሰጠዋለች፣ ያቺ 10 ጊዜ የምታጎላዋ። ይቺን ነገር አይንህ ላይ አስጠግተህ ነው ድንጋዩን ወደሷ የምታመጣው፣ ጀግናው ግን በተዘረጋ ክንድ ይዟት ከሩቅ በአንድ አይኑ ያያል፣ የሚታየው የራሱ አውራ ጣት ነው። "ውስጧ ትንሽዬ ነጥብ ይታይዎታል?" ይለዋል ሻጩ። "አዎ አዎ፣ በደንብ!" ይላል። እኔ እንዲህ አይነት መተማመን ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አይነት ነጥብ መኖር አለመኖሩ ነው ክላሪቲ (ጥራት) የሚባለው። ደረጃው የሚሰጠው በዛችው 10 እጥፍ በምታጎላው መነጽር ነው፣ ማለትም ቪቪኤስ ዋን የተባለውና ከሱ ስንት ደረጃ ወርዶ ቪኤስ ቱ የተባለው ጣት ላይ ሲውሉ በባዶ አይን ልዩነታቸው አይታይም። ከዛም ዝቅ ብሎ ኤስአይ ዋን ከተባለው ውስጥ ራሱ ለአይን ንጹህ የሆነ ሞልቷል፣ እያዩ መምረጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጀግናው ግን ላይኛውን ይገዛል፣ ምክንያቱም እጮኛው በየሄደችበት ማጉያ የያዘ ሰው ሊከተላት ይችላል፣ አይታወቅም።

ከለሩም እንዲሁ ነው። ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም በ1950ዎቹ ባወጣው ስኬል ከለር የሚጀምረው ከዲ ነው፣ ዲ ማለት ምንም ቀለም የሌለው፣ እየወረደ እስከ ዜድ ድረስ ቢጫው እየበረታ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ደረጃውን የሚሰጡት ድንጋዩን ያለ ቀለበት፣ ነጭ ነገር ላይ በአፍጢሙ ደፍተው፣ ከመለኪያ ድንጋዮች ጎን አስቀምጠው ነው፣ ያም ሆኖ ልዩነቱ ቀጭን ነው። ጀግናችን ዲ ይገዛና ምን ያደርገዋል መሰላችሁ፣ ቢጫ ወርቅ ላይ ያስገጥመዋል! ወርቁ ቢጫነቱን ወደ ድንጋዩ ይረጭበታል፣ ጄ ወይ ኬ ቢገዛ እዛው ወርቅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይለት ነበር፣ ግን እንደዛ ቢያደርግ ገንዘብ ይተርፈው ነበርና ምን ሊያደርግበት።

ከሁሉም በላይ ግን እጅ የምነሳው ለካራቱ ነው። ካራት የክብደት መለኪያ ነው፣ አንዱ 0.2 ግራም፣ በቃ። ጀግናው ግን እንደ ማዕረግ ነው የሚያየው፣ 1.00 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ነጋዴው ይሄን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ዋጋው 1.00 ላይ ሲደርስ ድንገት ይዘላል፣ 0.50ም ላይ 1.50ም ላይ እንዲሁ። ደህና የተቆረጠ ክብ አልማዝ 0.90 ካራት ሲሆን ስፋቱ 6.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ 1.00 ሲሆን ደግሞ 6.5 አካባቢ፣ ልዩነቱ ሶስት ወረቀት ብትደራርቡ የሚያህል ነው። ለሶስት ወረቀት ውፍረት ያን ሁሉ ብር መክፈል እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል!

ቆይ ገና ነው። ቆራጩም ሰው ነው፣ ጀግናው 1.00 እንደሚፈልግ ያውቃል፣ ስለዚህ ድንጋዩን በትክክለኛው አንግል ቢቆርጠው 0.92 የሚወጣ ከሆነ ሆዱን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ክብደቱን ያቆይና 1.00 ያስብለዋል። ክብደቱ ሆዱ ውስጥ ተደብቆ ከላይ ሲታይ ያነሰ ድንጋይ፣ ብርሃኑም ወደ አይን በመመለስ ፈንታ በጎን የሚፈስ ድንጋይ ማለት ነው። ጀግናው በብዙ ብር ያነሰና የደበዘዘ ገዛ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ግን 1.00 ይላል፣ ደስ አይልም? የማብረቅረቁ ነገር በዋናነት የሚመጣው ከአቆራረጡ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ (ትክክል ናቸው)፣ ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዛ ነው ይላሉ፣ ግን የአቆራረጥ ደረጃ እኮ በአንድ ቁጥር ለጓደኛ አይወራም!

ጓደኞችንም ሳላመሰግን ማለፍ ይከብደኛል። ቀለበት ያሰረች ልጅ እጇን ስትዘረጋ ጣቷን ይዘው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ "ስንት ካራት ነው?" አቆራረጡ ምን ደረጃ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ልጅቷን ራሷን ምን ትወጃለሽ ብሎ መጠየቅማ ሰርፕራይዙን ያበላሻል፣ ሰንፔር ትወድ እንደሆነ፣ ቀጭን ቀለበት ትመርጥ እንደሆነ፣ ወይ ብሩ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ቢውል ይሻለኛል ትል እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ባይታወቅም ይሻላል።

ከጀግኖቹ መሀል ትንሽ ሂሳብ የሚሞክሩም አሉ፣ እነሱ ደግሞ "2 ካራት በ1 ካራት ዋጋ" የሚል ጽሁፍ ሲያዩ ይሮጣሉ። ጽሁፉ "ጠቅላላ ካራት" ነው የሚለው፣ ማለትም መሀል ያለችው ትንሿና ዙሪያውን የተረጨው ፍርፋሪ ተደምሮ። ድንጋይ በተለቀ ቁጥር የካራቱ ዋጋም አብሮ ስለሚጨምር ጥቃቅኖቹ ተደምረው የአንድ ትልቅ ድንጋይ ዋጋ አጠገብ አይደርሱም፣ ግን ድምሩ 2 ነው፣ ሂሳብ አይዋሽም። ቡናማውን አልማዝ የገዙትም ይመስገኑ። ድሮ ቡናማው ባብዛኛው የሚሄደው ለመሰርሰሪያና ለመቁረጫ ነበር፣ በ1980ዎቹ የአውስትራሊያው አርጋይል ማዕድን በገፍ ሲያወጣው ሻምፓኝ ተባለ፣ ኮኛክ ተባለ፣ በኋላም ቸኮሌት ተባለ፣ ስሙ እየጣፈጠ ሲሄድ ጀግናው ኪሱን ፈታ።

የላብ አልማዝ የሚባለውን፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሰራውን ማለቴ ነው፣ ግን እንዳታነሱበት፣ ደሙ ይፈላል። "ፌክ ነው!" ይላል። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1954 ላብራቶሪ ውስጥ አልማዝ መስራት ከቻለ ወዲህ ነገሩ አድጎ አድጎ ዛሬ ያው ካርቦን፣ ያው ጥንካሬ፣ ያው ነጸብራቅ ሆኗል፣ የወርቅ ቤት ባለሙያ ራሱ ያለ ልዩ መሳሪያ አይለየውም፣ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም በ2018 "አልማዝ" የሚለውን ትርጓሜ ሲያስተካክል "ከተፈጥሮ የተገኘ" የሚለውን ቃል አወጣው። ዋጋው ደግሞ ባለፉት ዓመታት እየወደቀ ነው፣ ይሄ ነው እንግዲህ ጀግናውን የሚያናድደው፣ ርካሽ ነገር ምኑ ፍቅር ነው? እሱ የሚፈልገው መሬት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቢሊዮን ዓመት ጠበቀ፣ እሱ ሌላ ሱቅ ዋጋ ለማየት አንድ ከሰዓት መጠበቅ አልቻለም።

ወረቀት ላይ ያለው እምነትም ልብ ይነካል። ሰርተፍኬት አለው? አለው። ከየትኛው ላብ (የአልማዝ ደረጃ የሚሰጥ ላብራቶሪ) ነው? "ከላብ ነዋ!" አንዱ ላብ ጠንካራ፣ ሌላው ቸር መሆኑ፣ ያው ድንጋይ ከለሩ አንዱ ጋ ኤች ሌላው ጋ ኤፍ ተብሎ ሊወጣ መቻሉ፣ የሪፖርቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ስለሚጻፍ በማጉያ አይቶ የላቡ ዌብሳይት ላይ ማመሳከር መቻሉ፣ ይሄ ሁሉ ለተጠራጣሪ ሰው ነው። ሱቁ ራሱ የጻፈለት የዋጋ ግምት ደግሞ ከከፈለው እጥፍ ይላል፣ ጀግናው እያነበበ "አተረፍኩ" ብሎ ሊያለቅስ ይደርሳል፣ ከዛ በዛው ግምት ኢንሹራንስ ይገባና በየዓመቱ ለዛችው ለተጋነነች ቁጥር ይከፍላል። ቀለበቱ የጠፋ ቀን ኢንሹራንሱ ባብዛኛው ተመሳሳይ ቀለበት ገዝቶ ይተካል እንጂ ያቺን ቁጥር በጥሬ ገንዘብ አያስረክብም።

በ2014 ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አግብተው የሚያውቁ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ውድ ቀለበትና አጭር ትዳር አብረው ሲሄዱ አይተዋል። ቀለበቱ ነው ያፋታቸው አላሉም፣ አብረው ይታያሉ ነው ያሉት። ጀግናው ይሄን ሲሰማ "ቅናት ነው" አለ፣ እኔም ምን እላለሁ፣ ቅናት ይሆናል።

ደሞስ ኪሳራ ምን አለው፣ "አልማዝ ኢንቨስትመንት ነው" ብሎ የለ! ችግሩ ለመሸጥ የወሰዱት ቀን ነው፣ ብዙ ሱቅ መልሶ አይገዛም፣ የሚገዛውም የሚያስበው ራሱ ከጅምላ ነጋዴ በሚያመጣበት ዋጋ ስለሆነ ከዛም ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው፣ የቀረው የሱቁ ትርፍ፣ የመብራቱ፣ የጥቁሩ ጨርቅ፣ የማስታወቂያው ድርሻ ነበርና ያው ተበልቷል። ጀግናው ግን ይሄንንም አስቦበታል፣ የገዛበት ሱቅ "የዕድሜ ልክ አፕግሬድ" የሚል ፖሊሲ አለው። ድንጋዩን መልሰህ ስታመጣ በከፈልክበት ዋጋ ሙሉውን ይይዝልሃል፣ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ፣ አዲሱ ድንጋይ ዋጋው ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። "ማለት አንድም አልከሰርኩም ማለት ነው" አለና ደረቱን ነፍቶ የ2 ካራቶቹ መደርደሪያ የት ጋ እንደሆነ ጠየቀ።