የላይ ሰንበቴ፣ የታች ሰንበቴ

የወሎ ሰው ሲመካ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ፦ "እኛ ዘንድ እኮ እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም!" እውነቱን ነው። ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ የእኛ ቅሬ (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። ድንኳኑ አንድ፣ አግዳሚው አንድ፣ ለቅሶው አንድ። ሠርግ ሲሆን ብቻ ቢላው ሁለት ይሆናል፤ የክርስቲያኑ በሬ ከወዲህ፣ የእስላሙ ከወዲያ ይታረድና ጭፈራው በአንድ ዳስ ነው። እናቴ ነገሯን የምታጸናው "ወላሂ" ብላ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ታማትባለች።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ፍቅር ከሌላ ሃይማኖት ጋር ሲሆን ነው መሰለኝ የሚሠራው። እንደኛው ተጠምቆ፣ እንደኛው ጾሞ፣ በአንድ ግቢ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ከሚቀመጥ ሰው ጋር ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ደብራችን (ስሙን አልጠራም፤ ጠርቼ እሑድ የት ልቀመጥ?) ሁለት ሰንበቴ ነበረው። የላዩ ከጽድ ዛፉ ሥር፣ የታቹ ከበሩ አጠገብ፣ ሁለቱም በየቆርቆሮ ቤታቸው። ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል ይሄዳል። መቼና ለምን እንደተለያዩ በትክክል የሚነግር አላገኘሁም። የላዮቹ "የጠላ ነገር ነው" ይላሉ። የታቾቹም "የጠላ ነገር ነው" ይላሉ። እስከዛሬ የተስማሙበት አንድ ነገር ይኼው ነው።

የሚገርመው መቅደሱ ውስጥ ደባል ታቦት አለ። ማደሪያ ያላገኘ ታቦት በሌላው ቤት በደባልነት ይገባል፣ ወሩን ጠብቆ ይከበራል፣ ለጥምቀት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ወጥቶ አብሮ ይገባል። ኪራይ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ታቦታቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተስማምተው ሲያድሩ እኛ አንድ ጎላ በጋራ መጣድ አቃተን። ያውም "ተዋሕዶ" የሚል ስም ተሸክመን! ለዚህ ስም ስንት ተከራክረውበታል። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የተዋሕዶና የሦስት ልደት ሊቃውንትን ሰብስበው አከራክረው ተዋሕዶ ረታ። ያ ጉባኤ ለሙስሊሙ ወሎ "ተጠመቅ" የሚል አዋጅ ይዞ እንደመጣም አይረሳም፤ በግድ አንድ ማድረግም ተሞክሮብናል ማለት ነው። ስለ ጠላ ግን ማንም አላነሳም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አገር ቤትና ውጭ አገር ሆነው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የተለያዩት ሁለቱ ሲኖዶሶች አሜሪካ ላይ ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከስደት ተመለሱ፤ እሳቸው በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር ሊሠሩ ተስማሙ። ቴሌቪዥን ላይ ይኼን ያየ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን። በሚቀጥለው እሑድ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ተነሣና "ውቅያኖስ የለያቸው አባቶች አንድ ሲሆኑ እኛ የጽድ ጥላ ይለየን?" አለ። እልል ተባለ። በእልልታ መሐል ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ስም ሲፈልግ ቆየ። "አንድነት" ቢባል የላዮቹ ቃል ነው ተባለ። "ኅብረት" የታቾቹ ሆነ። በመጨረሻ "የአንድነት ኅብረት ሰንበቴ" ተብሎ ማኅተም ተቀረጸ። ቀጥሎ ሙሴ፣ ማለትም የሰንበቴው አለቃ፣ ማን ይሁን ሲባል አንዱ ብልህ "እንደ አባቶቻችን!" አለ፤ የላዩ ሙሴ ለጸሎት፣ የታቹ ለአስተዳደር። የላዩ ሙሴ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው "አስተዳደር" ማለት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ መሆኑ የገባቸው። በማግስቱ ማልደው መጡ፤ "ጸሎቱም ቢሆን በርሜሉ አጠገብ ካልሆነ አይሰምርም" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የጠላ መጠጫው ነው እንግዲህ ያስቸገረው። የላዮቹ በጣሳ ይጠጣሉ፣ የታቾቹ በፕላስቲክ ኩባያ። የላዮቹ "በላስቲክ የተጠጣ ጠላ ላስቲክ ላስቲክ ይላል" አሉ። የታቾቹ "ጣሳችሁ ዝጓል፣ ጌሾ ነው የምትሉት ዝገቱን ነው" አሉ። ሁለት ስብሰባ በዚህ አለቀ። ሦስተኛው ላይ እናቴ ብድግ ብላ "እንግዲያው አስታራቂ ጥሩ" አለች፤ የተጠሩትም የቅሬያችን ዳኛ ሼሁ ሆኑ።

ሼሁ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቡና ቀረበላቸው። አቦሉን ዝም ብለው ጠጡ፤ ቶናውንም ዝም ብለው ጠጡ። የላዩ ሙሴ አላስቻላቸውም፣ "ወላሂ ሼሃችን፣ እኛ አልበደልንም!" አሉ።

"የማናችሁንም ጠላ ቀምሼ አላውቅም" አሉ ሼሁ። "ስለዚህ ሁለቱም አይጣፍጥም።"

ሳቅ ሆነ። በረካው ሳይቀዳ ጣሳውም ኩባያውም ቀርቶ በብርጭቆ እንዲሆን ተወሰነ። ብርጭቆ ማን ይግዛ የሚለው ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ።

የውህደቱ እሑድ መጣ። የመካከሉ ግድግዳ እንዳይኖር ብለን የላዩን ቤት አፍርሰን የታቹን በቆርቆሮው አሰፋነው። በሩ ላይ "እንግዳ ተቀባይ" የሚል ወረቀት በግራና በቀኝ ደረቱ ላይ የለጠፈ ወጣት ቆመ። ስንገባ የላዮቹ በቀኝ፣ የታቾቹ በግራ ተቀመጡ፤ በመሐል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ቀረ። አንድ ከመርሳ የመጣ ተከራይ፣ ሰፈራችን ገብቶ ወር ያልሞላው፣ ወረቀቱን አንብቦ አምኖ ገባና ከዳር ያለ ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

"ልጄ፣ እሱ ቦታ ሰው አለው" አሉት አንድ አዛውንት።

"ይምጡ፣ እነሣላቸዋለሁ አባባ።"

"አይመጣም። ሦስት ዓመቱ ነው ካረፈ።"

ልጁ ተነሥቶ ክፍት ቦታው ላይ ቆመ። እንግዳ ተቀባዩ ሮጦ መጥቶ "ከላይ ነህ ከታች?" አለው። ይኼን ሲሰማ ዳቦም ሳይቆረስለት ተሳልሞ ወጣ።

እኔ ዳቦ እንዳድል ታዝዤ ሌማቱን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። የኔ ቢጤዎቹ እንደ ወትሮው ደጁ ላይ ተደርድረዋል። እነሱ ዘንድ ላይና ታች የለም፤ ድሮ ከላዩ ሰንበቴ ቁራሻቸውን ተቀብለው፣ ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ቁልቁል ወርደው ከታቹ ደግሞ ይቀበላሉ። ሁለቱም "ከኛ የበለጠ ያኛው እንዳይሰጥ" እያሉ ቁራሹን ያተልቁት ነበር። አሁን አንድ ሰንበቴ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ቁራሽ። ያውም ኮሚቴው በቁጠባ ያስለካው።

ከዳር የተቀመጡት እናት ቁራሻቸውን ተቀበሉኝ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። ወዲያ ወደፈረሰው የላዩ ቤት አዩ፣ ወዲህ ወደኔ አዩ፣ ከዚያ ነጠላዬን ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የኔ ልጅ፣ እንደው ደሞ መቼ ነው የምትጣሉልን?"